የላላ የላፕቶፕ ቻርጀር፦ ከማጽዳት እስከ ጃክ ማስቀየር፣ የቱን እንምረጥ?

ቻርጀሩን ስትሰኩ መብራቱ ይበራል። እጃችሁን ስታነሱ ይጠፋል። ገመዱን ወደ ግራ ጠምዘዝ ስታደርጉት ተመልሶ ይበራል። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑን ንክች ማድረግ ትፈራላችሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ የምኖር አስተማሪ ነኝ። የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳዘጋጅ ይኸው ነገር ገጠመኝ። ከገመዱ ሥር የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ አስገባሁ፣ ከላይ የስኳር ጣሳ ጫንኩበት። እንዲህ እያደረግሁ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ማታ ሰክቼው እተኛለሁ፤ ጠዋት መብራት ሲሄድ ግን ባትሪው ሃያ ደቂቃ አይቆይም። ለካ ሌሊቱን ቻርጅ ሳያደርግ ነው የሚያድረው። በመጨረሻ ሳስጠግነው የከፈልኩት ለጃኩ፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ላለው የቻርጀር መሰኪያ ቀዳዳ፣ ብቻ አልነበረም። ጃኩ ለተበየደበት ቦርድም ጭምር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወስጄው ቢሆን ኖሮ ቦርዱ ባልተነካ።

ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼም ተማሪዎቼም «ቻርጀሬ ላላብኝ፣ ምን ይሻላል?» ይሉኛል። እኔም መልሼ እጠይቃቸዋለሁ፦ የላላው የቱ ጋ ነው? አልኮልና ጥጥ የሚበቃው፣ አዲስ ቻርጀር የሚያስፈልገውና ባሕር ዳር ድረስ የሚያስኬደው የሚለየው በዚህ ጥያቄ ነው።

የላላው የቱ ጋ ነው?

ከግድግዳው ጀምሩ። የእኛ አገር ሶኬት ለሁለት ክብ እግር ስፒና የተሠራ ነው። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡ ላፕቶፖች ግን ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒና ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ በዲቫይደር ወይም በመቀየሪያ እንሰካቸዋለን። ርካሽ ዲቫይደር ውስጥ ያለው ስፒናውን የሚይዘው ብረት ቶሎ ይከፈታል። የቻርጀሩ ሳጥን ላይ ትንሽ መብራት ካለ እሷን እያያችሁ ዲቫይደሩን ነቅነቅ አድርጉት። የሳጥኑ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ዲቫይደሩን ቀይሩ፣ አለቀ።

ቀጥሎ ከስፒናው እስከ ሳጥኑ ያለውን ወፍራም ገመድ እዩ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀዳዳ አለው። እሱም ይላላል። ለብቻው ይሸጣል፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ሙሉ ቻርጀር ገዝተው ሲያበቁ ችግሩ ይህ ገመድ ብቻ ሆኖ ያገኙ ሰዎች አውቃለሁ።

አሁን ዋናው ፍተሻ። ቻርጀሩን ላፕቶፑ ላይ ሰኩና ጫፉን በሁለት ጣት አጥብቃችሁ ያዙት፤ እንዳይንቀሳቀስ። በሌላኛው እጃችሁ ገመዱን ከጫፉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ አጠፍ ዘርጋ አድርጉት። ከሳጥኑ የሚወጣበትም ቦታ ላይ ድገሙት። ጫፉ ሳይነቃነቅ የላፕቶፑ መብራት ከጠፋ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። መብራቱ የሚጠፋው ራሱ ጫፉ ሲነቃነቅ ብቻ ከሆነ ግን ወይ ጫፉ አርጅቷል ወይ ጃኩ ለቋል።

ይህን ለመለየት አንድ መንገድ አለ፦ ተመሳሳይ ጫፍ ያለው ሌላ ቻርጀር ተዋሱ። እኛ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁለትና ሦስት ኤችፒ አይጠፋም። በተዋሳችሁት ቻርጀርም መብራቱ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የላፕቶፑ ጃክ ነው። የእናንተን ቻርጀር በሰውየው ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ደግሞ አረጋግጡ። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን የግድ አድርጉት።

በመጽሐፍ መደገፍ፣ በላስቲክ ማሰር

ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው፤ እኔም መርጬው ነበር። ወጪ የለውም። ለአንድ ማታ፣ ፋይል እስክትገለብጡ ድረስ፣ ይሁን። ከዚያ በላይ ግን አደራ፣ ተዉት።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። የተለመደው የ65 ዋት ቻርጀር 19.5 ቮልትና 3.33 አምፔር ገደማ ይሰጣል። መጋጠሚያው ጥብቅ ሲሆን ኮረንቲው ያለ ችግር ያልፋል። ሲላላ ግን የሚነካካው የብረቱ ጥግ ብቻ ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ የግማሽ ኦም እንቅፋት ተፈጠረ እንበል። አምፔሩን በራሱ አባዙት፣ በግማሽ አባዙት፤ 5.5 ዋት ገደማ ይመጣል። ያ ሁሉ ሙቀት የክብሪት ራስ በምታህል ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ብረቱ የመያዝ ጉልበቱን ያጣል፣ መላላቱ ይብሳል። ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል።

ግማሽ ሰዓት ቻርጅ ካደረጋችሁ በኋላ ጫፉን በጣት ንኩት። ለብ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ጣት የማያስቆይ ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ወይም የጃኩ አፍ ዙሪያ ቡናማ ከሆነ ወዲያው ንቀሉት። ሰክታችሁ አትተኙ። በተለይ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ አታሳድሩት።

ማጽዳት

የእኛ አገር በጋ አቧራ ነው። ላፕቶፕ በባጃጅ፣ በሚኒባስ፣ በቦርሳ ይዞራል። የቦርሳ ብናኝና አቧራ ጃኩ ውስጥ ይጠቀጠቃል። በተለይ በዩኤስቢ-ሲ (እንደ አዳዲስ ስልኮች ባለው ትንሽ ሞላላ) ቀዳዳ ይህ በጣም የተለመደ ነው፦ ብናኙ ከሥር ይጠቀጠቅና ጫፉ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርገዋል። ሰው ቀዳዳው የላላ ይመስለዋል፤ ቆሽሾ ነው።

ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡት። በደረቅና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ለዩኤስቢ-ሲ ስቴኪኒ በምላጭ አቅጥናችሁ ብናኙን ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ እንዳይሰበርባችሁ ተጠንቀቁ። የቻርጀሩን ጫፍ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ጠብቁ። መርፌና ካቻቪቴ ወደ ጃኩ አታስገቡ። በአፋችሁም እፍ አትበሉበት፣ እርጥበት ነው የምትጨምሩት። ካጸዳችሁ በኋላ ጫፉ «ቀጭ» ብሎ ከገባና ካልተነቃነቀ በዚሁ ጨረሳችሁ። መነቃነቁ ካልቀረ ደጋግሞ ማጽዳት አይረዳም።

ቻርጀሩ ከሆነ፦ መግዛት ወይስ ማስቀጠል?

ሁለት ምርጫ አለ። የተበጠሰው ጫፉ አጠገብ ከሆነ ጥሩ ሠራተኛ ያንን ቆርጦ አዲስ ጫፍ ይበይድላችኋል። ዋጋው ከአዲስ ቻርጀር በብዙ ያንሳል። የሳጥኑ ጥራት ጥሩ ከሆነ፣ ማለትም ከላፕቶፑ ጋር የመጣው የራሱ ቻርጀር ከሆነ፣ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ጥሩ ኦርጂናል ሳጥን ጥሎ ጥራቱ የማይታወቅ መግዛት ያሳዝናል።

ግን ሥራውን እዩት። የኤችፒና የዴል ገመድ ውስጥ ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስት ሽቦ ነው ያለው። ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ ጫፉ መሃል ካለችው መርፌ ጋር ይገናኛል። ላፕቶፑ የቻርጀሩን ማንነት የሚያውቀው በእሷ ነው። ያቺ ሽቦ ካልተገናኘች ዴል ላፕቶፕ ይበራል፣ ባትሪውን ግን ቻርጅ አያደርግም፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። «ተሠርቷል ግን ቻርጅ አያደርግም» ሲባል መጀመሪያ እሷን ነው መጠርጠር። መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሽቦ ለብቻው ይሸፈን። ሦስቱንም ባንድ ላይ በናስትሮ መጠቅለል ኮንታክት ይፈጥራል።

አዲስ ስትገዙ ከሳጥኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ቮልቱ ከድሮው ጋር መግጠም አለበት፦ ኤችፒና ዴል በአብዛኛው 19.5፣ ሌኖቮ 20፣ ኤሰርና ቶሺባ 19 ናቸው። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ቢያንስ ግን ቻርጀሩ ይግላል። ከሁሉ በላይ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ። ጫፎቹ ዓይን ላይ አንድ ይመስላሉ፤ የ5.5 ሚሊሜትር ጫፍ የውስጥ ቀዳዳው 1.7 የሆነም 2.5 የሆነም አለ። የማይገጥመውን «ይገባል እኮ» ብሎ መሰካት ደህናውን ጃክ ማበላሸት ነው። ሰውን በመቀያየሪያ ጫፍ ብዛት የሚያማልለውን «ለሁሉም ላፕቶፕ» የሚባል ቻርጀር እኔ አልመክርም። ያ ተቀያያሪ ጫፍ ራሱ ሌላ የሚላላ መጋጠሚያ ነው።

ጃኩ ከሆነ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፣ ምክንያቱም ጃክ ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱም የሰማይና የምድር ነው።

አንደኛው ገመድ ያለው ጃክ ነው። ጃኩ በብሎን ወይም በፕላስቲክ መያዣ ላፕቶፑ አካል ላይ ይታሰራል፣ ከኋላው አጭር ገመድ ወጥቶ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ብየዳ የለውም። ብዙዎቹ የቢሮ ላፕቶፖች፣ እንደ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ዴል ላቲትዩድ ኢ7450፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ450 ያሉት፣ እንዲህ ናቸው። ካቻቪቴ መያዝ የሚችል ጥንቁቅ ሰው በአንድ ሰዓት ይቀይረዋል። የላፕቶፓችሁን ሞዴል «ዲሲ ጃክ» ከሚል ቃል ጋር ዩቲዩብ ላይ ፈልጉት። ሲከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ ገመድ ካለው እፎይ በሉ። ይህ ዓይነት ሲላላ ሌላ ምንም አታወዳድሩ። ቀይሩት። በፓቴክስ አጣብቁልኝ፣ በፒንሳ ጠበቅ አድርጉልኝ ማለት ለሳምንት ነው።

ዕቃው እዚህ ከሌለ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይላካል። ለሚገዛላችሁ ሰው የሞዴሉን ስም ብቻ አትንገሩት። አሮጌውን አስወጥታችሁ ከማስመሪያ አጠገብ ፎቶ አንሱና በቴሌግራም ላኩለት። የጃኩ አፍ፣ የገመዱ ርዝመትና የመሰኪያው እግር ብዛት በግልጽ ይታይ። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ላፕቶፖች የተለያየ ገመድ ሊኖራቸው ይችላል። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። መንገድ የሚዘጋበት ሳምንትም አለ። የተሳሳተ ዕቃ መጥቶ ተመልሶ ሲሄድ ወሩ ያልቃል።

ሁለተኛው ቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየደ ጃክ ነው። የእኔ ይህ ነበር። ጠጋኙ ልጅ ላፕቶፑን ገልብጦ ከፈተው፣ ቦርዱን አወጣውና የስልኩን ባትሪ አበራ። «መምህር፣ ይቺን ይዩልኝ» አለኝ። የጃኩ እግር የተበየደበት እርሳስ ዙሪያውን የፀጉር ክር የምታህል ጥቁር ቀለበት ሠርቷል። ጃኩን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ቀለበቷ ትከፈታለች፣ ሲለቀው ትዘጋለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮረንቲው ያለፈው በዚያች ስንጥቅ ነው። አጠገቧ ያለው አረንጓዴ ቀለም ቡናማ ሆኗል። «ጃኩስ ይቀየራል መምህር» አለኝ፣ «ያስቸገረኝ ሥሩ ነው፤ ተቃጥሏል።» ከዚያ በቀጭን ሽቦ ድልድይ ሠርቶለት ዳነ። ቀላል ሥራ አልነበረም።

ስንጥቁ ገና ሲጀምር ከሆነ አሮጌውን እርሳስ አጽድቶ በአዲስ መበየድ ሊበቃ ይችላል፤ ጃክ መግዛትም ላያስፈልግ ይችላል። ፈጥኖ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ግን ለማንም አትስጡት። የላፕቶፕ ቦርድ ብዙ ድርብ አለው፤ ውስጡ ያለው ሰፊ መዳብ ሙቀቱን ይመጠዋል። ደካማ መበየጃ ያለው ሰው እርሳሱ አልቀልጥ ሲለው ጃኩን ጎትቶ ይነቅላል። ያኔ ቀዳዳው ውስጥ ያለው መዳብ አብሮ ይወጣል። ሬድዮና ቴሌቪዥን በመጠገን የሚታወቅ ሰው ሁሉ ይህን ይችላል ማለት አይደለም። ስትጠይቁ «ትችላለህ ወይ?» አትበሉ፤ ማንም አልችልም አይላችሁም። «ከዚህ በፊት የሠራኸውን ቦርድ አሳየኝ» በሉት። በሥራው የሚተማመን ሰው ስልኩ ላይ ፎቶ አያጣም፣ አይቆጣምም።

የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። 24 እግር አለው፤ በእግርና በእግር መሃል ያለው ርቀት ግማሽ ሚሊሜትር ነው። በአብዛኛው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እሱን ለመቀየር ሞቃት አየር መንፊያና ማጉያ ያስፈልጋል። ይህ ዕቃና ልምድ ያለው ሰው ከተማችሁ ውስጥ ከሌለ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መላክ ይሻላል። ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ለሆነ ሰው ባሕር ዳር ይቀርበዋል። ለእኛ ለማርቆስ ሰዎች ልዩነቱ ብዙ አይደለም፤ ዘመድ ያላችሁበትን ምረጡ። ቆሞ የሚያሠራላችሁ ሰው መኖሩ ከርቀቱ ይበልጣል።

ሌላ በር አለው ወይ?

ይህን ምርጫ ብዙ ሰው አያስበውም። እኔ ግን ጃክ ከማስከፈት በፊት እንድታዩት እፈልጋለሁ።

ላፕቶፓችሁ ክብ ጃክ እያለው ጎኑ ላይ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳም ሊኖረው ይችላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች በሁለቱም ቻርጅ ያደርጋሉ። ሁሉም ግን አይደሉም፤ ቀዳዳው መረጃ ብቻ የሚያስተላልፍበትም አለ። ለማወቅ የባልደረባችሁን የዩኤስቢ-ሲ ላፕቶፕ ቻርጀር፣ 45 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ሰክታችሁ እዩ። ቮልቱን ሁለቱ ራሳቸው ተነጋግረው ስለሚወስኑ ደህና ቻርጀር ከሆነ ጉዳት የለውም። ከሠራ ጃኩን ለጊዜው ረስታችሁ በዚህ መኖር ትችላላችሁ። ተራ የስልክ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ላፕቶፕ አይችለውም። ገመዱም ለውጥ ያመጣል፦ ተራው የዩኤስቢ-ሲ ገመድ እስከ 60 ዋት ነው የሚችለው።

አሮጌ ዴል ላቲትዩድ የኢ ተከታታይ ወይም ቲንክፓድ ያላችሁ ሰዎች ሌላም ዕድል አላችሁ። ብዙዎቹ ሆዳቸው ላይ የዶክ፣ ማለትም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥበት ማገናኛ፣ መሰኪያ አላቸው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዶክ ካገኛችሁ ላፕቶፑ በዚያ በኩል ቻርጅ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። ይዞ ለሚዞር ግን አይሆንም።

ገበያ ላይ የሚታዩት የማግኔት ጫፎች ሰውን ያማልላሉ። ሰው ገመዱን ሲያደናቅፈው በቀላሉ ስለሚለቅ ጃኩን ያድናል ይባላል። አፕል ማግሴፍን በ2006 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ ያኛው ግን ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ለብቻ የሚሸጡት የዩኤስቢ-ሲ ማግኔቶች ከዩኤስቢ-ሲ ደረጃ ውጪ ናቸው፣ እግሮቻቸውም ገላጣ ናቸው። ለላፕቶፕ ያህል ኮረንቲ አላምናቸውም።

አዲስ ላፕቶፕ መግዛት

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ ለደመወዝተኛ ከባድ ነው። ጃክ ብቻ ስለላላ ላፕቶፕ አይጣልም። አዲስ ማሰብ ያለባችሁ ቦርዱ ክፉኛ ከተቃጠለ፣ ወይም ባትሪው ካበጠ በኋላ ሌላም ሌላም ከተደራረበ ነው። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ በምንም በኩል ቻርጅ አታድርጉት።

ከገዛችሁም በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ የሚያደርግ፣ ከተቻለም ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ ያለው ምረጡ። አንዱ ቢላላ ሌላው አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 28 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ እንዲያደርጉ ደንግጓል። ስለዚህ ወደፊት ቻርጀሩን ማግኘትም ይቀላል።

ወደ ጠጋኝ ከመሄዳችሁ፣ ከመክፈላችሁም በፊት

ባትሪው ገና ሳያልቅ ፋይላችሁን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ይህን ዛሬውኑ። በአንድ ፍላሽ አትተማመኑ፤ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁም ላኩት። የይለፍ ቃላችሁን ለጠጋኙ መስጠት አያስፈልግም። ቻርጅ ማድረጉን ለማየት መብራቱና የመጀመሪያው ገጽ ይበቃሉ።

ተሠራ ሲባል እዚያው ሰኩት። ገመዱን በቀስታ ወደ አራቱም አቅጣጫ አጠፍ አጠፍ አድርጉ፤ መብራቱ መጥፋት የለበትም። ላፕቶፑን ክፈቱና የባትሪውን መቶኛ እዩ፣ አንድ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ጫፉ ለብ ብቻ ካለ ክፈሉ። አሮጌውን ጃክም ስጠኝ በሉ። የእኔ እስካሁን የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። አንድ እግሩ ጥቁር ነው።